ስለ ረከሰ ሽጉጥ

በቅኔ ቤት ኅብር የሚባለውን የሚያውቅ ሰው «ረከሰ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ሁለት ነገር ያስባል። አንደኛው የገበያው ነው፤ ዋጋው ቀነሰ፥ በብዙ ሰው እጅ ለመግባት ቻለ ማለት ነው። ሁለተኛው የመቅደሱ ነው፤ ጎደፈ፥ ንጽሕናውን አጣ ማለት ነው። እህል ረከሰ ቢባል ድኻ ደስ ይለዋል፤ እጅ ረከሰ ቢባል ግን ካህን ያዝናል። ሁለቱ ፍቺዎች በአንድ ቃል መገናኘታቸው በብዙ ነገር ላይ የቋንቋ አጋጣሚ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገሩ ሽጉጥ በሆነ ጊዜ ግን ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ ይሆናል። ይኸውም መሣሪያ በዋጋው የረከሰ እንደ ሆነ ከእርሱ ጋራ አብሮ የሚረክስ ሌላ ነገር አለን? የሚል ነው።

በአሜሪካ አገር ኦሃዮ በሚባለው ግዛት ሃይ ፖይንት በሚል ስም የሚሠራ ሽጉጥ አለ። 9 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩሰው ዓይነት ክብደቱ ጥይት ሳይጨመርበት ከ800 ግራም ይበልጣል፤ ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል፤ ዋጋውም ለብዙ ዘመን 200 ዶላር ገደማ ሆኖ ቆይቷል። ሩገር የሚባለው ሌላው የአሜሪካ ፋብሪካ ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሴኩሪቲ ናይን የተባለውን፥ ካዝናው 15 ጥይት የሚይዘውን ሽጉጥ 379 ዶላር ዋጋ አውጥቶለት ለገበያ አቅርቧል። ሁለቱም በራሳቸው የሚጎርሱ ናቸው። ምላጩ አንድ ጊዜ ሲሳብ አንድ ጥይት ይወጣል፤ የባሩዱ ግፊት የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ሲመልሰው ባዶው ቀለህ ይወረወራል፤ ሞላው ብረቱን ወደ ፊት ሲገፋው ሌላ ጥይት ከካዝናው ተነሥቶ ወደ በርሜሉ ይገባል። ተኳሹ ጣቱን ከማንቀሳቀስ በቀር ሌላ ድካም የለበትም።

የኦሃዮው ሽጉጥ የረከሰበት ምክንያት በአሠራሩ ነው። በብዙዎቹ ባለ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጦች በርሜሉና የላይኛው ብረት ጥይቱ እስኪወጣ ድረስ ተቆላልፈው ይቆያሉ፤ ይህን ቁልፍ መሥራት ብልኃትና ወጪ ይጠይቃል። በዚህኛው ግን ቁልፍ የለበትም። የላይኛው ክፍል ከዚንክ ቅይጥ በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ወፍራም ነገር ስለ ሆነ ክብደቱ ብቻውን ግፊቱን ያዘገየዋል። ክብደቱ ባያዘገየው ኖሮ ቀለሁ ያለ ጊዜው ወጥቶ ተኳሹን ራሱን በጎዳው ነበር። ይህ ነገር በኋላ ስለሚያስፈልግ አንባቢ በልቡ ይያዘው።

ይህን የመሰለ ሽጉጥ የሚመዝኑ ሰዎች የሚጠይቁት የታወቀ ነው። ይከሽፋልን? ዒላማ ይመታልን? ለእጅ ይመቻልን? ከዋጋው ጋራ ይመጣጠናልን? ይላሉ። መልኩ አያምርም፥ ይከብዳል፥ ሥራውን ግን ይሠራል ብለው የሚያመሰግኑትም አሉ። ፋብሪካው ደግሞ ለዕድሜ ልክ ዋስ ይሆናል፤ ሽጉጡ ከእጅ ወደ እጅ ቢተላለፍ እንኳ ዋስትናው አይቋረጥም። ይህ ሁሉ ግን ስለ ብረቱ ነው። ከአፈ ሙዙ ለወጣው ጥይት ዋስ የሚሆን ፋብሪካ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ይህ የአሜሪካ ሽጉጥ በእብናት ገበያ ይሸጣል ማለት አይደለም። በቅርብ ዓመታት በስውር ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ በብዛት ተያዘ ተብሎ የተነገረው ቱርክ ሠራሽ ነው። የሠሪው አገር ቢለያይም ጥያቄው አንድ ነው። ጥያቄውንም ለመመርመር የደብረ ታቦርና የእብናት አገር የተመቸ ነው፤ መሣሪያ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ከሁሉ ይልቅ ያየ አገር ነውና።

ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓን የእጅ ባለሙያዎች ሰብስበው መድፍ ያሠሩ ነበር። ከዚያ የወጣው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፥ ገደል እየተናደና መንገድ እየተጠረገ፥ በብዙ ሺሕ ሰው ጉልበት እየተሳበ መቅደላ የደረሰው ከአምስት ወር የበለጠ ጊዜ ፈጅቶ ነው። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ማንም ሰው በመጠጥ ቤት ተጣልቶ፥ በድንበር ተቀያይሞ፥ በአንዲት ቅጽበት ቁጣ ሊተኩሰው አይችልም። ክብደቱ ራሱ ለሰው ማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል።

ከመድፍ ወደ ነፍጥ ቢወረድም ቁጣን የሚያዘገዩ ሦስት ልጓሞች ነበሩ። የመጀመሪያው ዋጋ ነው። በእብናት ቆላም ሆነ በፋርጣ ደጋ ምንሽር ወይም ውጅግራ ለመግዛት የሚሻ ገበሬ በሬውን እስከ መሸጥ ይደርስ ነበር። በሬ የሚሸጥ ሰው ከሚስቱ ይመክራል፤ ወንድሞቹ ይሰማሉ፤ የክረምቱ እርሻ ይታሰባል። በዚህ ሁሉ መካከል ቁጣው ጥቂት ይበርዳል። ሁለተኛው መታየት ነው። ነፍጥ በትከሻ ላይ ስለሚውል ባለቤቱ ከቤቱ ሲወጣ ጎረቤት ያየዋል፤ ወዴት ነው? ብሎ የሚጠይቀው ሽማግሌ በመንገድ ያገኘዋል። ሦስተኛው የመጉረሱ ድካም ነው። ውጅግራ አንድ ጥይት ተኩሶ ሌላ በእጅ እስኪጨመርለት ድረስ ይቆያል፤ የሳተው ሰው ለማምለጥ፥ የተኮሰውም ለመጸጸት ጥቂት ጊዜ ያገኛል።

ዋጋው የረከሰው፥ በራሱ የሚጎርሰው ሽጉጥ እነዚህን ሦስቱን ልጓሞች በአንድ ጊዜ ያወልቃል። መርከሱ በሬ ከመሸጥ አድኖታል። ትንሽነቱ ከዓይን ሰውሮታል፤ ሽጉጥ የሚለው ስሙም ሸጎጠ ከሚለው ግሥ የወጣ ነውና በጋቢ ሥር ተሸጉጦ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እስከ ሠርግ ቤት ይገባል። በራሱ መጉረሱም በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጥይት መካከል የነበረውን ጊዜ አጥፍቶታል። እንግዲህ ሽጉጡን የሚመዝን ሰው አፈ ሙዙንና ምላጩን ብቻ መመልከት አይበቃውም፤ የወለቁትንም ልጓሞች ሊቆጥር ይገባዋል።

ዳሩ ግን በዚህ ላይ ቸል ሊባል የማይገባው ክርክር ይነሣል። ድኻ ሰው ነፍሱን የመጠበቅ መብት የለውምን? ባለጸጋ ግንብ ያጥራል፥ ዘበኛ ይቀጥራል፥ ያማረውን ሽጉጥ በፈለገው ዋጋ ይገዛል። ድኻው ግን ከገደል አፋፍ ላይ በሣር ጎጆ ብቻውን ያድራል። በአሜሪካም የረከሰ ሽጉጥ ይከልከል የሚል ሕግ በተነሣ ቁጥር፥ ይህ ድኻን ትጥቅ አስፈትቶ ባለጸጋን ማስታጠቅ ነው የሚሉ ተከራካሪዎች አሉ። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ጦርነት ባወከው አገር ሌሊት ውሻ ሲጮኽ የሚደነግጠውን አባወራ በከንቱ ፈራህ ብሎ የሚነቅፈው ሰው እውነተኛ ፈራጅ አይደለም። የኦሪት ሕግ እንኳ ሌሊት ቤት ሲሰረስር የተመታውን ሌባና ፀሐይ ከወጣች በኋላ የተመታውን ለይቶ ይፈርዳል፤ በጨለማ ለደነገጠው ይራራል፥ ዓይቶና አውቆ የገደለውን ግን በደም ይጠይቃል።

ይህ ክርክር እውነት አለበት። ዋጋ ልጓም ነበረ ቢባልም የድኻውን እጅ ብቻ የሚይዝ ልጓም ነበረ። የባለጸጋውን ቁጣ ግን በሬ መሸጥ አላዘገየውም። ስለዚህ የመሣሪያ መወደድ እንደ ምግባር ሊመሰገን አይገባም፤ ጥቂት ደም ቢያስቀርም በፍርድ ያስቀረው አይደለም። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው፥ ልጓሙ ይውለቅና ይቅር ማለት አይደለም። ዋጋ በወደቀ ጊዜ በእርሱ ፋንታ ድኻውንም ባለጸጋውንም እኩል የሚይዝ ሌላ ልጓም ሊገኝ ይገባል ማለት ነው።

ያ ልጓም ጊዜ ነው። የአሜሪካን አገር ቍጥር የተመለከተ ሰው ይህን ይረዳል። በ2021 እ.ኤ.አ. በዚያ አገር በጥይት የሞቱት ሰዎች ከ48,000 ይበልጣሉ፤ ከእነርሱም ከግማሽ የሚበልጡት በገዛ እጃቸው የሞቱ ናቸው። ሌባን ልጠብቅ ብሎ የገዛው ሽጉጥ፥ ሌባው ሳይመጣ ኀዘን በመጣበት ሌሊት በባለቤቱ ላይ ዞሯል ማለት ነው። ኀዘንም ቁጣም ያልፋሉ፤ ጥይት ግን ከወጣ አይመለስም። ስለዚህ ካሊፎርኒያን የመሰለው ግዛት ሽጉጥ የገዛ ሰው እስከ 10 ቀን ድረስ እንዳይረከብ ደንግጓል። ድኻም ቢሆን ባለጸጋም ቢሆን እኩል ይጠብቃል።

ይህ ጥበብ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በኦሪት ሳያውቅ ነፍስ ያጠፋ ሰው ፍርድ እስኪያገኝ ድረስ ከደም ተበቃይ ይሸሽባቸው ዘንድ ስድስት የመማፀኛ ከተሞች ተለይተው ነበር። በጎንደር ከተማ እጨጌ ቤት የተባለው ሰፈር ለተሳደደ ሰው መማፀኛ ነበር። በአገር ቤትም ደም ያለባቸው ወገኖች በገበያ እንዳይገናኙ፥ ሽማግሌ በመካከል ገብቶ ቀን እየቆረጠ፥ ካህን መስቀል ይዞ እየለመነ፥ የሟች ወገን እስኪረጋጋ ድረስ ነገሩ ይጓተታል። እንግዳ ሰው ይህን መጓተት ስንፍና ይለዋል። ነገር ግን በቁጣና በደም መካከል ስፍራና ጊዜ ማኖር ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን መከልከሉም በመንግሥት ወገን ያው ሥራ ነው። ሽማግሌው የሚፈራበት፥ ሕጉም የማይደርስበት አገር ቢኖር፥ ያ አገር ከሽጉጡ መርከስ ይልቅ የሽማግሌው መርከስ ሊያስጨንቀው ይገባል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እህል ቢፈስ ይለቀማል፤ ደም ግን የሚለቅመው የለም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ብረቱ በዋጋው ስለ ረከሰ በንጽሕናው አይረክስም፤ ውድ ስለ ሆነም አይቀደስም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በትንሣኤ ማግስት፥ በመቅደላ ሕይወታቸውን ያሳለፉበት ሽጉጥ ከእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የመጣላቸው እንደ ነበረ ተጽፏል። ከንጉሥ ቤት ወደ ንጉሥ ቤት የመጣ፥ በገበያ ዋጋ የማይተመን ነበር። የመጨረሻው ሥራው ግን በኦሃዮ በ200 ዶላር የሚሸጠው ሊሠራ ከሚችለው የተለየ አልነበረም። ሴባስቶፖልን ለመሳብ ከአምስት ወር በላይ የፈጀው ንጉሥ ለዚህኛው አንዲት ቅጽበት በቃቸው።

የረከሰውን ሽጉጥ ከመፈንዳት የሚያድነው የሚያዘገየው ክብደት ነው ተብሎ ነበር። ሰውም እንዲሁ ነው። በልቡ ክብደት ያለው ሰው፥ ማለት እግዚአብሔርን የሚፈራ፥ ሽማግሌ የሚሰማ፥ ሌሊት የወሰነውን ሲነጋ እንደ ገና የሚመረምር ሰው፥ መሣሪያው ቢረክስም ቁጣው ሳይፈነዳበት ያልፋል። ስለዚህ ሽጉጥ ለመግዛት የሚነሣ ሰው ዒላማውንና ዋጋውን ከጠየቀ በኋላ አንድ ነገር ጨምሮ ይጠይቅ፤ ከሰው ጋራ በተጣላሁ ሌሊት ይህን ከእጄ የሚያርቅልኝ ማን ነው? ይበል። ስም ጠርቶ መመለስ ካልቻለ፥ ሽጉጡ ምንም ቢረክስ ለእርሱ ገና ውድ ነው።