ሥዕሉ እውነት ነበር

አባቴ በቴሌቪዥን ያየውን ቶሎ ይረሳል፤ አንድ ምሽት ግን ከአእምሮው አልወጣም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዕለት ነው። በሰፈራቸው ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ብቻ ስለ ነበረ ጎረቤቱ ሁሉ እዚያ ተጨናንቆ ተቀምጧል። የታየው ፊልም እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ነበር፤ ነገር ግን እንደ ተሠራ አልቀረበም። ደርግ ፊልሙን ቆራርጦ በመካከሉ ሌላ ምስል ሰክቶበት ነበር። በረሃብ የከሳ ሕፃን ይታያል፤ ወዲያው የቤተ መንግሥት ግብዣ ይከተላል። የተኮለኮሉ ረሃብተኞች ይታያሉ፤ ወዲያው ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ። በማግስቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው በቮልስዋገን መኪና ሲወሰዱ፣ «ሌባ! ሌባ!» እያለ ከጮኸው ሕዝብ መካከል የአሥራ ሰባት ዓመቱ አባቴም ነበረበት።

በዚያው ዓመት ኅዳር 14 ቀን ስድሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። አባቴ ዜናውን በሬዲዮ ሰማ። «ምንም አልተሰማኝም» ይላል። «ያ ፊልም የነበረኝን ሐዘን ሁሉ ጨርሶብኝ ነበር።»

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ይህ አነጋገሩ ነው። ስለ ፕሮፓጋንዳ ስናወራ ብዙ ጊዜ «ውሸት ነው» ብለን እናልፋለን። የዚያን ምሽት ግን ማን ዋሸ? ረሃቡ እውነት ነበር። መንግሥት መደበቁም እውነት ነበር። ግብዣውም ተደርጓል። የዲምብልቢ ፊልም በውጭ አገር ባይታይ ኖሮ ለወሎ ሕዝብ የደረሰው እርዳታ ይበልጥ በዘገየ ነበር፤ ስለዚህ ካሜራውን ልንወቅሰው አንችልም። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ማድረግስ ኃጢአት ነው? እኔ አይመስለኝም። ሕዝቡ እየተራበ የሚበላ ገዥ፣ ይህን የሚያሳየው ሰው ሊመጣበት ይገባል።

ደግሞም እኛ ወንጌላውያን በዚህ ጉዳይ ከደሙ ንጹሕ ነን ማለት አንችልም። ማርቲን ሉተር በዎርምስ ጉባኤ ፊት በቆመበት በ1521 እ.ኤ.አ.፣ የዊተንበርጉ ሠዓሊ ሉካስ ክራናኽ በእንጨት ተቀርጸው የታተሙ 26 ሥዕሎች ያሉባት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። ሥዕሎቹ 13 ጥንዶች ናቸው። በአንድ ወገን ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጥባል፤ በሌላው ወገን ጳጳሱ እግሩን ያስስማል። በአንድ ወገን የእሾህ አክሊል፣ በሌላው ባለ ሦስት ድርብ የወርቅ አክሊል። ማንበብ የማይችለው ገበሬ እንኳ ነገሩ ይገባው ነበር። እኔም መጀመሪያ ሳያት «ተባረክ!» ነው ያልኩት። የመጨረሻው ጥንድ ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። እዚያ ጌታ ወደ ሰማይ ያርጋል፤ ጳጳሱ ደግሞ ወደ ገሃነም ይጣላል። ሠዓሊው የፍርድን ቀን ሳይጠብቅ በእንጨት ላይ ቀርጾ ጨረሰው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ቁልቁለት ነበር። ሉተር ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በ1545፣ ከዚያው ከክራናኽ የሥራ ቤት የወጡት ፀረ ጳጳስ ሥዕሎች በዚህ መጽሔት ላይ ልገልጻቸው የማልደፍራቸው ነውረኛ ነገሮች ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ክራናኽ የጳጳሱን ቤት ብልሹነት በሚሥልበት በዚያው ጊዜ ለካርዲናል አልብሬክት ሥዕል ይሠራ ነበር። አልብሬክት የሉተርን ተቃውሞ ያስነሣው የስርየት ወረቀት ሽያጭ ባለ ጉዳይ ነው! ሠዓሊ መብላት አለበት፤ በዚህ አልፈርድበትም። ነገር ግን በ26ቱ ሥዕሎች ውስጥ ከዚያ ገንዘብ የሚከፈለው ሠዓሊ የለም።

ደርግም በፊልሙ ውስጥ አልነበረም። እስከ አሥር ዓመት ድረስ። መስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ ሲከበርና ኢሠፓ ሲመሠረት፣ የትግላችን ሐውልትም ሲመረቅ፣ በወሎና በትግራይ ሕዝብ እንደ ገና በረሃብ ይረግፍ ነበር። በዓሉ እንዳይደፈርስ ወሬው ታፈነ። በጥቅምት ወር መሐመድ አሚን በካሜራው ያስቀረው የኮረም ምስል በቢቢሲ ሲታይ ዓለም ደነገጠ። የ1967ቱን ፊልም ቆራርጦ የቀጠለ ባለሙያ ያን ጊዜ ሥራ ቢሰጠው ኖሮ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም ነበር፤ ግብዣው ከበሩ ላይ ነበረ።

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለአደባባይ ተቃውሞ የሚሆን ነገር በእጁ ሠርቶ የወጣ ሰው ካለ ነቢዩ ኤርምያስ ነው። የእንጨት ቀንበር ሠራ። ቀንበሩ የባቢሎን አገዛዝ ምስል ነው፤ መልእክቱም ለንጉሡና ለመኳንንቱ መራራ ነበር። ታዲያ ቀንበሩን የጫነው በማን አንገት ላይ ነው? በራሱ። የሚመጣው ነገር በእኔም ላይ ይመጣል ማለቱ ነው። ሐናንያ የሚባለው ደግሞ በካህናቱና በሕዝቡ ሁሉ ፊት ቀንበሩን ከኤርምያስ አንገት ወስዶ ሰበረው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ነጻ እንደሚወጡም ተናገረ። እዚያ ብንሆን ለማን እናጨበጭብ ነበር? የሐናንያ ትርኢት ከኤርምያስ ይልቅ ያምራል። ኤርምያስ እንኳ አስቀድሞ አሜን፣ እንዲህ ይሁን ነው ያለው፤ የሕዝቡ መከራ ደስታው አልነበረምና። ክራናኽ በመጨረሻው ጥንድ ያጣው፣ አባቴም በ1967 ያለቀብኝ ያለው ይህ ይመስለኛል።

እኔ በወጣቶች አገልግሎት ውስጥ ፖስተርና ግራፊክስ እሠራለሁ። ባለፈው ዓመት ባለ ሁለት ክፍል ምስል አዘጋጀሁ፤ በግራ የተፈናቀሉ ወገኖች የሚኖሩበት የላስቲክ መጠለያ፣ በቀኝ የባለ ሥልጣናት የራት ግብዣ። ኮርቼበት ለአባቴ አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየውና፦

«እውነት ነው?» አለኝ።

«እውነት ነው።»

«አንተስ የት ነህ?»

ተናደድኩ። እኔ ሥልጣን የለኝም፣ ግብዣም አልበላሁ። በኋላ ግን የዚያው ሳምንት የወጣቶች ኮንፈረንሳችን ትዝ አለኝ፤ ባነሩን የሠራሁት እኔው ነበርኩ። ለድምፅ መሣሪያ ኪራይና ለምሳ ያወጣነውን አውቃለሁ። ለተፈናቀሉት የሰበሰብነውንም አውቃለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን አላስቀመጥኳቸውም።

ምስሉን አልጣልኩትም፤ መጣሉም ሌላ ዝምታ መሰለኝ። የኮንፈረንሱን ምሳ ሦስተኛ ክፍል አድርጌ ጨመርኩበትና በቴሌግራም ቻናላችን እንዲወጣ ለኮሚቴው ላክሁ። ሰብሳቢያችን ቅን ወንድም ነው። «ወንድሜ፣ በጣም ኃይለኛ ሥራ ነው» አለኝ፤ «ያችን ሦስተኛዋን ብቻ አውጣትና ዛሬውኑ እንለጥፈዋለን።»

እስካሁን አልተለጠፈም።