ሥነ ልቦና የተማረ ምን ይሆናል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ታዲያ ለማን ይግለጠው? አንድ ወጣት ሥነ ልቦና ልማር ሲል፣ «እንጀራ ይሆናል ወይ?» እንለዋለን። ይሆናል፤ በትምህርት ቤት ምክር፣ በሠራተኛ አስተዳደር፣ በእርዳታ ሥራ ይገባበታል። ሐኪም ግን አያደርገውም፤ የአእምሮን ሕመም ለማከም ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ ሌላ ትምህርትና በአዋቂ ሥር መለማመድ ያሻል።

ታዲያ እስኪጨርስ ድረስ የጎረቤቱን ጭንቀት አይስማን? ይስማ እንጂ! የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ባለ አምስት ክፍለ ጊዜ የምክር ዘዴ፣ ሠልጥነው ተቆጣጣሪ ላላቸው ተራ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ጥፋቱ መስማቱ ሳይሆን የማያውቁትን ማከሙ፣ ጎጆ ለጎጆ በተጠጋበት ሠፈርም የሰሙትን ማውራቱ ነው።

ውድ አንባቢ፣ የዚህ ትምህርት ትልቁ ፍሬ፣ «ከዚህ በላይ አልችልም፤ ወደሚችለው ላድርስህ» ማለትን ማወቅ ይመስለኛል።