የአደራ ሰው

የወላጅ የሕይወት ዕቅድ ሲባል መጀመሪያ የመጣልኝ ገንዘብ ነው። ደብተር ላይ የልጄን ዕድሜ ባንድ ረድፍ፣ የእኔን በሌላው ጻፍኩ። 60 ሞልቶኝ ጡረታ ስወጣ እሷ ገና ተማሪ ናት። ከደመወዜ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪዬ 11 በመቶ ይጨምርበታል። በስሟ የተከፈተ የቁጠባ ሒሳብም አለ። ታዲያ ይበቃል? በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሒሳቧ ቁጥር አልተነካም፤ የሚገዛው ነገር ግን አነሰ። ዋጋው በእጄ ባልሆነ ነገር ላይ ብቻ የልጄን ነገ ባቆም፣ ዕቅድ አለኝ ማለት እችላለሁ?

እናቴ ብትሰማኝ "ልጅ በዕድሉ ያድጋል" ትለኛለች። እኛን ያሳደገችን በዚሁ እምነት ነው፤ ስለዚህ በቀላሉ ልገፋው አልደፍርም። ግን እሷ ገበያ ስትውል ጎረቤት ያበላን ነበር፤ ስናጠፋም ያገኘን ሁሉ ይቆጣን ነበር። እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የፊት ለፊት ጎረቤቴ የልጄን ስም ማወቁን እጠራጠራለሁ። እናቴ ሳትፈልግ ያገኘችውን ሰው እኔ አስቤ መፈለግ አለብኝ። እኛ ወላጆቿ ብንታጣ ልጅቷን 18 ዓመት እስኪሞላት ማን ይይዛታል?

ሕጉን አገላበጥኩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቃል ብቻ የሚደረግ ኑዛዜን በጣም ያጠበዋል፤ ከሚፈቅዳቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ግን ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ አሳዳሪ ወይም ሞግዚት መሰየም ነው። ይህ ልቤን ነካው። ቤት በቃል የማያወርስ ሕግ፣ ስለ ልጅ ሲሆን የወላጅን ቃል ይሰማል። ያም ቃል ሦስት ወር ካለፈው ይፈርሳል። በእጅ የተጻፈ ኑዛዜም በሰባት ዓመት ውስጥ አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል።

ታላቅ እህቴን ጠየቅኳት። "እታለም፣ እኔና እናቷ ብንታጣ ልጅቷን ትይዥልኛለሽ?"

"ሟርት አታውራ!" ብላ ቡናውን መቅዳት አቆመች። ቆየት ብላ፣ "እኔማ እምቢ አልልህም። ግን ስኳሩም አለ፣ ዕድሜውም እየሄደ ነው። ልጅቷ የሆዷን የምታወራው ለታናሻችን ነው፤ እሱን ጠይቀው" አለችኝ።

እኔ እስከዚያ የምመዝነው ቤትና የረጋ ገቢ ያለው ማን እንደሆነ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ተከራይ ነው። የትኛው መመዘኛ ይበልጣል? ገንዘብ ቢጎድለው ዘመድ አዋጥቶ ሊሞላለት ይችላል። ወላጆቿን ያጣች ልጅ ሆዷን የምትከፍትለትን ሰው ግን ማንም አዋጥቶ አያመጣላትም። የእህቴን ሚዛን ተቀበልኩ።

ባለቤቴ ግን ለአሳዳሪነት የምታስበው የራሷን እናት ነው። ሁለት ሰው ባንድ ወረቀት ቢናዘዝ በሕጉ ዋጋ የለውም፤ የየራሳችንን መጻፍ አለብን። አንዳችን ብንሞት የቀረው ብቻውን አሳዳሪ ስለሚሆን፣ የሚሠራው በመጨረሻ የሞተው ሰው ወረቀት ነው። ሁለቱ ወረቀቶች የተለያየ ስም ከያዙ፣ የልጃችንን አሳዳጊ የሚወስነው የእኛ አሟሟት ቅደም ተከተል ይሆናል። ይህን ልቀበለው አልችልም። ስለዚህ እስካሁን አልጻፍኩም። መጀመሪያ ልጄን ይዤ አማቴ ዘንድ ሰንበት ብዬ፣ ለእሷስ የሆዷን ታወራላት እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ።