የማስጠንቀቂያ ደወል በገዛ እጃችን

ክረምት በገባ ቁጥር የምንሰማው መርዶ አለ። ቤተሰብ ብርዱን ሽሽት የከሰል ማንደጃ መኝታ ቤት አስገብቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ ይተኛል፤ ጠዋት በሩን የሚከፍተው ጎረቤት ነው። ብዙዎቻችን ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ፍም ከሆነ አይጎዳም እንላለን። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከዚያው ከቀላው ፍም ይወጣል። ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው። ራስ ምታቱንና ማቅለሽለሹን ምች መታኝ ብሎ ጋደም ያለ ሰው እንደተኛ ይቀራል።

ሽቦ መበየድና ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ የምታውቁ ወጣቶች፣ ይህ ነገር እናንተን ይመለከታል። ለትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን የምትሠሩት ሮቦት መልካም ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የእናታችሁን ወጥ ቤት እዩ።

ለጅምር የሚሻለው የቡታ ጋዝ ጠቋሚ ነው። ኤም ኪው 2 የሚባለው ሴንሰር፣ አንድ አርዱዊኖ ቦርድ፣ የሚጮህ ባዘርና ደህና የሞባይል ቻርጀር ይበቃሉ። ሴንሰሩ በውስጡ ማሞቂያ ስላለው ሲነካ ይሞቃል፤ ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት። አዲስ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ኃይል ላይ ተዉት፤ አለበለዚያ ንባቡ አይረጋም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሚሰቅልበት ቦታ ላይ ነው። የቡታ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለል ይወርዳል፤ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ሴንሰር ወለሉ በጋዝ ሞልቶ እያለ ዝም ይላል። ከወለሉ ከ30 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ግድግዳው ላይ አስሩት። መብራት ሲጠፋ አብሮ እንዳይተኛ ባትሪ ጨምሩለት። በየወሩም ምድጃው ጠፍቶ ሳለ፣ ከእሳት ርቃችሁ፣ ያልተለኮሰ ላይተር ጋዝ ለቅጽበት አስነኩትና መጮሁን አረጋግጡ።

ሠርቶ መስቀል ብቻ አይበቃም፤ ሲጮህ ምን እንደሚደረግ ለአያትም፣ ለልጆችም፣ ለቤት ሠራተኛም አስረዱ። ያልተነገረው ሰው ጩኸቱን ለማቆም ሶኬቱን ይነቅላል፤ ሲነቀል የምትወጣው ብልጭታ ደግሞ ጋዙን ልታቀጣጥል ትችላለች። ማብሪያ ማጥፊያ አይነካ፣ ክብሪት አይጫር። የሲሊንደሩ ቫልቭ ይዘጋ፣ በርና መስኮት ይከፈት፣ ሰው ሁሉ ይውጣ። አዲስ አበባ ላላችሁ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው፤ የሚደወለው ከውጭ ሆኖ ነው።

ለከሰል ግን በቤት የተሠራ ሴንሰር አታምኑ። ለካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሸጠው ኤም ኪው 7 በትክክል የሚለካው ማሞቂያው 60 ሰከንድ በ5 ቮልት፣ 90 ሰከንድ በ1.4 ቮልት እየተፈራረቀ ሲሠራ ነው፤ ርካሹ ሞጁል እንዳለ ከተሰካ ይህን አያደርግም። ተማሩበት፣ ነፍስ ግን አታስይዙበት። አቅም ያለው የተፈተሸ የፋብሪካ መሣሪያ ይግዛ። ውጭ አገር ያላችሁ ዘመዶችም ከሽቶና ከጫማ ጋር አንድ ብትልኩ ትልቅ ውለታ ነው።

የድምፅ ሴንሰርም አለ፤ ዋጋው ከሁሉም ይቀንሳል። ማይክሮፎኑ በር ሲንኳኳ ወይም ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማና አምፖል ያበራል። መስማት ለተሳናቸው ወላጆች ይህች ብርሃን እንቅልፍ ትሰጣለች። የመስማት አቅሙ በላዩ ባለችው ትንሽ ብሎን ይስተካከላል። ድምፁ ከመጠን ሲያልፍ ብቻ እንዲጠቁም አድርጉት፤ የሰው ንግግር የሚቀዳ ነገር ሰው ቤት አታስገቡ።

በሰፈራችሁ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ካሉ ሁለተኛውን የጋዝ ጠቋሚ ለእሳቸው ሥሩ። ሄዳችሁ ስትሰቅሉላቸው ማንደጃው የት እንደሚያድር ጠይቁ፤ መኝታ ቤት ከሆነ ያንኑ ዕለት አስወጡት።