የኋላው መስኮት ለማን ነው?

በናይሮቢ አንድ መንገድ ዳር ሸራ ጣሪያ ያላት አሮጌ አውቶሞቢል ቆማ ትታሰብ። ጣሪያዋ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ ነው። በስተኋላዋ፣ መስታወት ሊገባ በሚገባው ቦታ፣ ከሸራው ጋር በክር የተሰፋ ስስ ፕላስቲክ አለ። ይህ ፕላስቲክ በመጀመሪያ ዘመኑ እንደ ውኃ የጠራ ነበር፤ አሁን ግን የሻይ ቀለም ይዟል፤ መካከሉ ላይም ከጥግ እስከ ጥግ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ቅዳጅ ይታያል። ባለቤቱ ቅዳጁን በሰፊ ፕላስተር አሽጎታል። ዝናብ አያስገባም፤ መኪናዋም እንደ ወትሮው ትሄዳለች። ታዲያ ምን ጎደለ?

ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የመርፌና የኪስ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ይሁንና ሰው ያረጀን ነገር መቼ መጠገን፣ መቼስ ጥሎ መተካት እንዳለበት፣ ከዚያም አልፎ ለማያየው ሰው ምን ዕዳ እንዳለበት የሚጠይቅ የቆየ ጥያቄ በዚህች ቁራጭ ፕላስቲክ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል።

ፕላስቲኩ ራሱ ታሪክ አለው። ፒቪሲ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ነገር በተፈጥሮው ደረቅና ግትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ዋልዶ ሴሞን የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በጉድሪች የጎማ ኩባንያ ውስጥ ጎማን ከብረት ጋር የሚያያይዝ ማጣበቂያ ሲፈልግ፣ ይህንኑ ግትር ነገር ከሚያለሰልስ ፈሳሽ ጋር አሙቆ የሚለመጥ አደረገው። እየታጠፈ የሚዘረጋ መስኮት ሊኖር የቻለው በዚህ ማለስለሻ ነው። ማለስለሻው ግን ከፕላስቲኩ ጋር ለዘለዓለም አልተጋባም፤ በሙቀትና በዘመን ብዛት ቀስ በቀስ ይወጣል። በዚህ ላይ የፀሐይ ጨረር ሲጨመርበት ፕላስቲኩ ይወይባል፣ ይደርቃል፣ በመጨረሻም በብርዳማ ማለዳ ጣሪያው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣችው ማዝዳ ኤም ኤክስ-5 የኋላ መስኮቷ በዚፕ የሚከፈት ነበር፤ ጣሪያው ከመታጠፉ አስቀድሞ ዚፑ ተፈትቶ ፕላስቲኩ ሳይጨማደድ እንዲተኛ ይመከራል። ብዙ ሰው ግን ይቸኩላል። በ1998 የተከተለችው ሁለተኛዋ ትውልድ እውነተኛ መስታወት ገባላት፤ ፋብሪካውም በዚሁ ከሰው ችኮላ ጋር የነበረውን ክርክር የተወው ይመስላል። አቧራ በበዛበት አገር ደግሞ ሌላ ጠላት አለ፤ እርሱም ደረቅ ጨርቅ ነው። አቧራውን በውኃ ሳያርስ በደረቅ ጨርቅ የሚወለውል ሰው መስኮቱን የሚያጸዳ ይመስለዋል እንጂ በአሸዋ እየፋቀው ነው።

በኬንያ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠሩት ፉንዲዎች ናቸው። ብዙዎቹ የሚገኙበት የሥራ ዘርፍ በስዋሂሊ «ጁዋ ካሊ» ይባላል፤ ጠንካራ ፀሐይ ማለት ነው፤ በሜዳ ላይ ያለ ጥላ የሚሠራውን የእጅ ባለሙያ ለመግለጽ የወጣ ስም ነው። ፕላስቲኩን የሚገድለውም የሚጠግነውን ሰው የሚያከስለውም አንድ ፀሐይ መሆኑ ልብ ይሏል።

በዚህ በምሥራቁ የአፍሪካ ክፍል መጠገን ነውር ሆኖ አያውቅም። የተሰነጠቀ ቅል ተሰፍቶ ወተት ይያዝበታል። ኢትዮጵያዊው ብራና ፋቂ ቆዳውን ወጥሮ ሲፍቅ ቀዳዳ ቢያገኝ በክር ይሰፋዋል፤ ጸሐፊውም ከስፌቱ ሲደርስ ዞሮ ይጽፋል። መጽሐፉ በስፌቱ ምክንያት አንድ ቃል እንኳ አይጎድልበትም፤ እንዲያውም ከብዙ ዘመን በኋላ ገጹን የሚገልጠው ሰው ያችን ስፌት አይቶ የሠራተኛውን ትዕግሥት ያደንቃል። ጃፓኖችም የተሰበረ የሸክላ ዕቃ በላከር አጣብቀው ስንጥቁን በወርቅ ዱቄት ያደምቁታል። ጠባሳው አይደበቅም፤ ይከበራል። ዛሬ ዕቃን ሁሉ ተጠቅሞ የመጣል ልማድ በየከተማው ሲስፋፋ፣ ይህንን የጠጋኝነት ባህል የሚያወድሱ ድምፆች መበርከታቸው ተገቢ ነው።

ነገር ግን መስኮት ቅል አይደለም። የቅል ሥራ መያዝ ነው፤ የብራና ሥራ መሸከም ነው፤ ሁለቱም ጠባሳቸውን ይዘው ሥራቸውን መሥራት ይችላሉ። የመስኮት ሥራ ግን አለመታየት ነው። ዓይን በመስኮት ላይ ካረፈ መስኮቱ ሥራውን ትቷል ማለት ነው፤ ዓይን በመስኮቱ ውስጥ አልፎ ወደ ማዶ መሄድ ነበረበትና። በመስኮት ላይ የተጣፈ መጣፊያ፣ በወርቅ እንኳ ቢሠራ፣ አንድ ተጨማሪ ግድግዳ ነው። ስለዚህ «መጠገን ጥሩ ነው፣ መጣል መጥፎ ነው» የሚለው ደንብ ለዕቃ ሁሉ እኩል ሊሠራ አይችልም። ከጥገናው በፊት መጠየቅ ያለበት ዕቃው የተሠራበት ተግባር ከጠባሳው ጋር አብሮ መኖር መቻሉ ነው።

እዚህ ላይ ሌላ ነገር ይከተላል። የፊት መስታወቱ የተሰነጠቀበት ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ወደ ጋራዥ ይሄዳል፤ ካላየ መንዳት አይችልምና። የኋላው የተቀደደበት ግን ወራት ያሳልፋል። ሁለቱም መስኮቶች ናቸው፤ ልዩነቱ ጥቅሙ የማን እንደሆነ ላይ ነው። ከፊት ያለው መስኮት በቅድሚያ ነጂውን ከጉድጓድና ከግንብ ያድናል። ከኋላ ያለው ግን በአብዛኛው የሚያገለግለው ሌላውን ሰው ነው፤ ሳይክል ነጂውን፣ ሸክም ተሸክሞ የሚያልፈውን፣ ኳሱን ተከትሎ የሚሮጠውን ልጅ። ዋጋውን የሚከፍለው አንዱ፣ ጥቅሙን የሚያገኘው ሌላው ነው። እንዲህ ያለ ወጪ በየትኛውም ቤት ሁልጊዜ ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል።

አንድ አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ ሊከራከር ይችላል። የጭነት መኪና በስተኋላው ምንም የማይታይበት ሆኖ ሳለ በየቀኑ ወደ ኋላ ይሄድ የለም ወይ? ነጂው በሁለት ስፖኪዮ ብቻ ይሠራል፤ ማንም በዚህ ምክንያት አልኮነነውም። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ የጭነት መኪናው ነጂ እንደማያይ ያውቃል። ስለሚያውቅም ረዳቱን ያወርዳል፤ ረዳቱ ከኋላ ቆሞ «ና! ና! በቃ!» ይላል፤ የመኪናውንም ጎን በመዳፉ ይመታል። የሻይ ቀለም በያዘ ፕላስቲክ ወደ ኋላ የሚመለከተው ባለአውቶሞቢል ግን የሚያይ ይመስለዋል። ብርሃን ይመጣል፤ ጥላ ይንቀሳቀሳል፤ ዛፉ ዛፍ ይመስላል። ስለዚህ ረዳት አይጠራም፤ ወርዶም አይመለከትም። ከሙሉ ዕውርነት ይልቅ ግማሽ ማየት የሚከፋው በዚህ ነው፤ ዕውርነቱን የሚያውቅ በበትሩ ይፈትሻል፤ በግማሽ የሚያይ ግን በትሩን ይጥላል።

የጠራ መስኮትም ቢሆን ሁሉን አያሳይም። ከኋላ ኮፈኑ ሥር የተቀመጠ ሕፃን በአዲስ መስታወትም አይታይም። በአሜሪካ አባቱ መኪናውን ወደ ኋላ ሲነዳ ገጭቶት በሞተ የሁለት ዓመት ሕፃን ስም የተሰየመ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው፣ በዚያም መነሻነት ከ2018 ጀምሮ አዲስ አነስተኛ መኪና ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖረው የተደነገገው ለዚህ ነው። ያ አባት ቸልተኛ ነበር የሚል የለም። ነገር ግን ማንም ሊያየው የማይችለውን አለማየትና ሃያ እርምጃ ርቆ በእግሩ የሚመጣውን ልጅ በመወየብ ምክንያት አለማየት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው መከራ ነው። ሁለተኛው ወር ከወር ሲተላለፍ የኖረ ውሳኔ ነው።

ጥያቄው ይበልጥ የሚከብደው ግን ከአውቶሞቢሏ ወርዶ ወደ ባጃጅ ሲዛወር ነው። የዚህች ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ የዘር ሐረግ ጣሊያናዊው ፒያጆ እ.ኤ.አ. በ1948 ወዳወጣት «አፔ» ይመዘዛል፤ ዛሬ በኢትዮጵያ ከተሞች ባጃጅ፣ በኬንያ ቱክ ቱክ እየተባለች የብዙ ሺህ ቤተሰብ እንጀራ ሆናለች። የብዙዎቹ ጣሪያ ሸራ፣ የኋላ መስኮታቸውም ፕላስቲክ ነው፤ ሲቀደድም እንደዚያችው አውቶሞቢል ይቀደዳል። ልዩነቱ የአውቶሞቢሏ ባለቤትና ነጂ አንድ ሰው ሲሆን፣ የባጃጁ ግን ብዙ ጊዜ ሁለት መሆናቸው ነው። ነጂው በየማታው የተወሰነ ገንዘብ ለባለንብረቱ ያስረክባል፤ የተረፈው የእርሱ ነው። መስኮቱ ሲቀደድ ባለንብረቱ «የሚሠራባት እርሱ ነው፣ እርሱ ያሠራት» ይላል። ነጂውም «ንብረቷ የእርሱ ነው፣ እርሱ ያሠራት» ይላል። መስኮቱ የአንዱ፣ ዓይኑ የሌላው፣ አደጋው ደግሞ የሦስተኛ ሰው ነው፤ ሦስተኛውም በክርክሩ ላይ አልተጠራም። በዚህ መካከል ነጂው ቅዳጁ ላይ የሚወደውን የእግር ኳስ ክለብ አርማ ይለጥፍበታል። ያምራል። ስንጥቁም አይታይም። መንገዱም አይታይም።

እዚህ ላይ ፍርዱ መሰጠት አለበት ከተባለ፣ ወጪው የባለንብረቱ ነው። በየማታው የሚቀበለው ገንዘብ የንብረቱ የማርጀት ዋጋ ጭምር ነው፤ ትርፉን ወስዶ እርጅናውን ለሌላ መተው ያልተካፈሉትን መሬት ጎመን ብቻ እንደ መልቀም ነው። ይህ ማለት ግን ነጂው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በየዕለቱ በዚያ ፕላስቲክ የሚመለከተው እርሱ ነው፤ እንደማያይ ከማንም ይልቅ እርሱ ያውቃል። ገንዘቡ ባይኖረው እንኳ አርማውን መላጥ፣ ወደ ኋላ ከመሄዱ በፊት መውረድ ይችላል፤ ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። የድሀ ድህነት ከወጪ ያድነዋል፤ ከጥንቃቄ ግን አያድነውም። ይህ አባባል ጨካኝ የሚመስለው ካለ በጠባብ መንገድ ላይ ከባጃጅ ኋላ የሚሄዱት ሰዎችም ድሆች መሆናቸውን ያስብ።

የጥንት ፈላስፎች ስለ መተካት ሲነሣ የሚያነሡት ሌላ ጥያቄ ነበር። ፕሉታርክ እንደጻፈው የአቴና ሰዎች የቴሴዎስን መርከብ ሲጠብቁ የበሰበሰውን ጣውላ እያወጡ በአዲስ ይተኩ ነበር፤ ጠቢባኑም መርከቡ ያው ነው፣ ያው አይደለም በሚል ተከራከሩ። ቶማስ ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1655 ጥያቄውን አከበደው፤ አንድ ሰው የወጡትን አሮጌ ጣውላዎች ሰብስቦ እንደገና ቢያቆማቸው የቴሴዎስ መርከብ የትኛው ነው? የአሮጌ መኪና አፍቃሪዎች በፕላስቲኩ ፈንታ መስታወት ያለው አዲስ ጣሪያ ማስገባት የመኪናዋን ማንነት ያጠፋል ወይ ብለው ሲጨነቁ በዚሁ መርከብ ላይ ተሳፍረዋል። ጨዋታው ደስ ይላል፤ ሆኖም የቴሴዎስ መርከብ መታሰቢያ ነበር፤ ወደ ኋላ ሲሄድ የሚገጨው ሰው አልነበረም። ለመታሰቢያ ታማኝ መሆን መልካም ነው። በመንገድ ላይ ያለ ዕቃ ግን አስቀድሞ ታማኝ መሆን ያለበት ለመንገዱ ነው።

መኪናውን ሊሸጥ ሲል ብቻ ፕላስቲኩን የሚያስወለውለው ሰውም አለ። መወልወያው ጭረቱን ለጥቂት ሳምንታት ያጠፋል፤ ድርቀቱን ግን አይመልስም። ስለ እርሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

የሚቀረው ፉንዲው ነው። ባለመኪናው መጥቶ «ዝናቡ እስኪያልፍ ብቻ ስፋልኝ» ሲለው ምን ማድረግ ይገባዋል? ሥራ ነው፤ ገንዘብ ነው፤ ጠያቂውም ባለ ንብረት ነው። ፉንዲው ግን ባለመኪናው የማያውቀውን ያውቃል። የደረቀ ፕላስቲክ ላይ መርፌ በተደጋጋሚ ሲወጋ እንደ ፖስታ ቴምብር ጠርዝ የቀዳዳ መስመር ይፈጠራል፤ ቀጣዩ ቅዳጅ በዚያው መስመር ይሄዳል። ያረጀ ሸራ ላይ አዲስ ጠንካራ ፕላስቲክ ሲሰፋም ደካማው ሸራ ከስፌቱ ዳር ይቀደዳል፤ በአሮጌ ልብስ ላይ አዲስ እራፊ አይጣፍም የሚለው የወንጌል ምሳሌ ለሰፊዎች ምሥጢር ሳይሆን የዘወትር ሥራ ነው። ይህንን እያወቀ ዝም ብሎ የሚሰፋ ፉንዲ የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ሙያውን ግን አልፈጸመም።

ጥሩው ፉንዲ ሸራውን በጣቱ ጨብጦ ይፈትሻል። ሸራው ገና ጠንካራ ከሆነ የፕላስቲኩን አሮጌ ስፌት በምላጭ ይተረትራል፤ የወጣውን እንደ ልክ ያስቀምጣል፤ አዲሱን ቆርጦ እስኪለሰልስ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ከዚያም የስፌቱን እርምጃ አርዝሞ ይሰፋል። ሸራውም ካለቀ «ይህ አይሠራም፣ ጣሪያው ሙሉውን ይቀየር» ይላል፤ ደንበኛው ተቆጥቶ ሊሄድበት እንደሚችልም ያውቃል። ሥራው ሲያልቅ ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ባለመኪናውን መሪው ላይ ያስቀምጠዋል። ራሱ ደግሞ ወደ ኋላ ሃያ እርምጃ ያህል ይሄድና ቁጢጥ ብሎ፣ የሕፃን ቁመት ሆኖ፣ ጣቶቹን ያነሣል። ስንት እንደሆኑ ይጠይቃል።