አደራ ተቀባዩ ማን ነው?

በአገራችን ገጠር ቤት በእሳት ሲያያዝ ወይም ሰው ገደል ሲገባ የመጀመሪያው መሣሪያ ጩኸት ነበረ፤ ዛሬም በብዙ ስፍራ ይኸው ነው። አንዲት ሴት ደጅ ወጥታ ኡኡ ስትል የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። ሰምቶ የቀረ ሰው በማግስቱ «ትናንት የት ነበርህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱ አጥጋቢ ካልሆነም በዕድሩ ፊት አንገቱን ይደፋል። እንግዲህ ጩኸቱ ሁለት ነገር በአንድነት ይሠራ ነበር ማለት ነው፤ ወሬውን ያደርሳል፤ ወሬው በደረሰበት ጆሮ ላይም አደራ ይጥላል። መስማትና መጠየቅ አልተለያዩም ነበር።

ከተማ ይህን ልማድ ለወጠው። ከተማ ሲሰፋ የጎረቤት ጆሮ ስለማይበቃ በጩኸቱ ፈንታ ስልክ ገባ። በአዲስ አበባ ቤቱ እሳት የተነሣበት ሰው 939 ይደውላል፤ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ የሚሻ 907 ይደውላል። ከስልኩ በኋላ ደግሞ ኮምፒዩተር መጣ፤ ይኸውም ጥሪውን መዝግቦ፣ ቦታውን በካርታ ላይ አመልክቶ፣ ለአደጋው ቅርብ የሆነውን መኪና መርጦ፣ ለፖሊሱም ለሐኪሙም ለእሳት አደጋ ተከላካዩም ወሬውን በአንድ ጊዜ የሚያካፍል ነው። የመሣሪያውን ጠቃሚነት የሚጠራጠር አስተዋይ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ጩኸቱ ወሬንና አደራን በአንድነት ይሸከም ከነበረ፣ መሣሪያው ወሬውን ሲረከብ አደራው በማን እጅ ቀረ?

ጥያቄው ወደ እኔ የመጣው ከመጻሕፍት ሳይሆን ከጠረጴዛዬ ላይ ነው። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። አንድ ማመልከቻ ሲመጣ ቁጥር እሰጠዋለሁ፤ ከዚያም «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ብዬ እጽፍበታለሁ። ይህች ዐረፍተ ነገር ለእኛ ለጸሐፊዎች ታላቅ ማረፊያ ናት። ባለጉዳዩ ተመልሶ ቢመጣ መዝገቡን ገልጬ አሳየዋለሁ፤ እኔ ልክ ነኝ፤ መርቻለሁ። የሰውየው ጉዳይ ግን አልተፈጸመም። ማመልከቻ አንድ ሳምንት ቢዘገይ ሰው አይሞትም እያልን ራሳችንን እናጽናናለን፤ ይህም ቢሆን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በድንገተኛ አደጋ ጊዜ ግን «ተልኳል» በሚለውና «ደርሷል» በሚለው ቃል መካከል ያለው ሰው ነው፤ የሚተነፍስ ሰው።

ይህን ነገር ለማስረዳት በለንደን ከተማ ከሆነው የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የለንደን አምቡላንስ አገልግሎት በዚያን ጊዜ ወደ 600 ካሬ ማይል በሚሆን ስፍራ የሚኖሩ 6.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ያገለግል ነበር። እስከ 1985 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1992) ድረስ ስምሪቱ የሚካሄደው በወረቀት ነበር። ስልክ ተቀባዩ የደዋዩን ቃል በቅጽ ላይ ይጽፋል፤ ቦታውን ከካርታ መጽሐፍ ፈልጎ ያገኛል፤ ቅጹም በሚንቀሳቀስ ቀበቶ ተጭኖ ይሄዳል፤ የስምሪት ሠራተኞችም የትኛው አምቡላንስ እንዲነሣ ወስነው በስልክ ወይም በሬዲዮ ያዝዛሉ። አሠራሩ ዘገምተኛ ነበር። ወረቀት ይጠፋል፤ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ አደጋ ሲደውሉም ነገሩ አንድ መሆኑን የሚለየው የሠራተኛው ትዝታ ብቻ ነበር። ስለዚህ ለማሻሻል መነሣታቸው የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስወቅስ አልነበረም።

በ1985 ዓ.ም. ጥቅምት 16 ቀን አዲሱ የኮምፒዩተር አሠራር ለመላው ከተማ ተከፈተ። ሐሳቡ ያማረ ነበር። ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱ አምቡላንስ የት እንዳለ ያውቃል፤ የአምቡላንሱ ሠራተኞች ሲነሡ፣ ሲደርሱና ሲፈጽሙ በመኪናው ውስጥ ያለውን ቁልፍ እየተጫኑ ያስታውቁታል፤ እርሱም ቅርብ የሆነውን ራሱ መርጦ ይልካል። ዳሩ ግን ሬዲዮ የማይደርስባቸው ስፍራዎች ነበሩ፤ ቁልፍም በጥድፊያ ሲጫኑት ይሳሳታል። በዚህ ምክንያት ኮምፒዩተሩ ስለ መኪናዎቹ የሚያውቀው ነገር ከሰዓት ወደ ሰዓት እየቀነሰ ሄደ። ወደ አንድ ሕመምተኛ ሁለት አምቡላንስ ሲላክ ወደ ሌላው አንድም ሳይላክ ቀረ፤ ቅርቡ ቆሞ ሩቁ ታዘዘ። አንድ ነገር ሲያጠራጥረው ኮምፒዩተሩ የማስጠንቀቂያ መልእክት ያወጣ ነበር፤ መልእክቶቹ ግን እጅግ ከመብዛታቸው የተነሣ አዲሱ አሮጌውን ከስክሪኑ ላይ እየገፋ አወጣው። አምቡላንስ የዘገየባቸው ሰዎች ደግመው ደወሉ፤ ድጋሚው ጥሪም በጭንቀቱ ላይ ጭንቀት ጨመረ። በማግስቱ ወደ ከፊል ወረቀት ተመለሱ። ጥቅምት 25 ቀን ሌሊት ደግሞ ኮምፒዩተሩ ጭራሹን ቆመ። አንድ የፕሮግራም ስሕተት መኪና በተላከ ቁጥር ከማስታወሻው ጥቂት ጥቂት እየያዘ ሳይለቅ ቆይቶ ነበርና በመጨረሻ ቦታው አለቀበት።

በጋዜጦች ከ20 እስከ 30 የሚደርስ ሰው በዚህ ምክንያት ሞተ ተብሎ ተወራ፤ ይህ ግን በአስከሬን መርማሪዎች ፍርድ አልተረጋገጠም። የአገልግሎቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሥራቸውን ለቀቁ፤ አጣሪ ቡድንም ተሾመ። በ1985 ዓ.ም. የካቲት አካባቢ በወጣው የአጣሪዎቹ መግለጫ ውስጥ እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ አንድ ነገር አለ። ይኸውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ኮምፒዩተሩ በቴክኒክ ረገድ አልተበላሸም ነበር የሚለው ነው። የታዘዘውን ይሠራ ነበር፤ ጉድለቱ ከአወጣጡ ነበር። እንግዲህ መሣሪያው በዚያ ቀን ቢጠየቅ፣ እንደ እኔ መዝገቡን ገልጦ «መርቻለሁ» ይል ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ «መሣሪያው ቢሳሳት ከፊቱ የተቀመጠው ሠራተኛ ይጠየቃ!» ይለኝ ይሆናል። እኔም በመጀመሪያ እንዲህ አስቤ ነበር። ነገር ግን ሠራተኞቹ በዚያ ቀን የነበሩበትን ሁኔታ እንመልከት። የክፍሉ አቀማመጥ ተለውጦ ከለመዱት ወንበርና ከለመዱት ባልደረባ ተለይተዋል፤ የሚተማመኑበት ወረቀት ተነሥቶባቸዋል፤ ሥልጠናቸውም የተሟላ አልነበረም። አንድ ሰው የማያርመውን ነገር እንዴት አድርጎ ይጠየቅበታል? በሬውን አስረው ስለ ማሳው የሚጠይቁት ገበሬ ምን ይመልሳል? አደራ ሥልጣንን ይጠይቃል። «ይህ ስክሪን ተሳስቷል» ለማለት የሚችል፣ ብሎም መኪናውን ለመመለስ የሚችል ሰው ብቻ ነው አደራ ተቀባይ ሊባል የሚገባው። ያን ሥልጣን ከሠራተኛው ላይ ያነሣ ሰው፣ አውቆትም ይሁን ሳያውቀው፣ አደራውን አብሮ ወደ ራሱ ወስዷል። ስለዚህ በጥሪ ክፍል ውስጥ የሆነው ነገር ከወራት በፊት በስብሰባ ክፍል ውስጥ፣ ጊዜው ሲጣደፍና ዋጋው ሲቆረጥ፣ የተጀመረ ነበር። እዚያ የተቀመጡት ሰዎች የአንድም ሕመምተኛ ድምፅ አልሰሙም፤ ይህም ሳያቀልላቸው የሚያከብድባቸው ይመስለኛል።

እነዚሁ የለንደን ሰዎች በ1988 ዓ.ም. ሌላ የኮምፒዩተር አሠራር አስገቡ። በዚህኛው ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ፣ ከሠራተኞቹ ጋር እየመከሩ ሠሩት፤ ቆመም። ስለዚህ ይህ ታሪክ ወረቀትን ለሚወድና አዲስ ነገርን ለሚጠላ ሰው ምስክር አይሆነውም። (በእኛ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ሰው አንድና ሁለት አይደለም።) የተሻለ መሣሪያ እያለ በልማድ ምክንያት እምቢ የሚልም አደራ በላ ነው።

የመሣሪያ እጦትም ቢሆን ነፍስ ያጠፋል። በ1994 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን፣ እኛ ዕንቁጣጣሽን ስናከብር፣ በኒውዮርክ ሁለቱ ታላላቅ ሕንፃዎች ተመቱ። የፖሊስ ሄሊኮፕተር ከላይ ሆኖ የሕንፃውን መዳከም ያይ ነበር፤ ያየውን ግን በፖሊስ ሬዲዮ ተናገረ። የእሳት አደጋ ተከላካዮቹ ሬዲዮ ሌላ ነበር። በደቡቡ ሕንፃ መውደቅ ጊዜ በሰሜኑ ደረጃ ላይ ከነበሩት ብዙዎቹ ጎረቤቱ መውደቁን ስንኳ አላወቁም። በዚያ ቀን 343 የከተማው እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ሰዎች ሞቱ። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ ሬዲዮ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ለብዙ ዘመን ጎን ለጎን እየሠሩ አንዱ ያየውን ሌላው የሚሰማበትን መንገድ አለማበጀታቸው የመሣሪያ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ማን ለማን ይታዘዛል የሚል የክብር ጉዳይም ነበረበት።

ሌላም ዐይነት አደራ አለ። በ2002 ዓ.ም. ጥር 4 ቀን በሃይቲ የመሬት መናወጥ ሲደርስ፣ ሕዝቡ በ4636 አጭር መልእክት በነፃ እንዲልክ ተፈቀደለት። በውጭ አገር የሚኖሩ የሃይቲ ልጆች ሌሊቱን ተቀምጠው መልእክቱን ከክሪዮል ወደ እንግሊዝኛ መለሱ፤ በቦስተን አካባቢ ያሉ ተማሪዎችም በኬንያ በተወለደው ኡሻሂዲ በተባለው ካርታ ላይ ነጥብ አድርገው አሳዩት፤ የቃሉ ትርጉም በስዋሂሊ «ምስክርነት» ማለት ነው። ሥራው የተቀደሰ ነበር፤ በዚህ መንገድ እርዳታ የደረሰላቸውም አሉ። ነገር ግን የእርዳታ ድርጅቶቹ ይህን ያህል መልእክት ተቀብለው የሚያስተናግዱበት አሠራር አልነበራቸውም። ፍርስራሽ ሥር ሆኖ መልእክቱን የላከው ሰው ይህን ከየት ያውቃል? እርሱ የሚያውቀው ቁጥሩ መከፈቱን ነው። ቁጥር የከፈተ ሰው «ጩኹ፤ እሰማለሁ» ብሏልና ቃል ገብቷል። ታይቶ ያልተደረሰለት ነጥብ ጨርሶ ካልታየው ይልቅ ይከብደኛል። ይህን የምለው በጎ ፈቃደኞቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ጆሮ መክፈት ቀላል፣ እግር ማዘጋጀት ግን ከባድ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ባለፈው ክረምት በሰፈራችን አንዲት ነፍሰ ጡር ሌሊት ምጥ ያዛት። ወደ አምቡላንስ የደወልሁት እኔ ነበርሁ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ ስሜን፣ ሰፈሬን፣ የምጡን ሰዓት ጠይቃ መዘገበች። ቦታውን በካርታ ላይ ስታይ ምልክቱ የሚያርፈው አስፋልቱ ላይ ነበር፤ የእኛ መንደር መንገድ በካርታው ላይ የለም። እኔም እንደ ልማዳችን «ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ፣ ሰማያዊው የቆርቆሮ በር» አልኋት። «እርስዎ ባትሪ ይዘው አስፋልቱ ላይ ይቁሙልኝ» አለችኝ። በዝናቡ ውስጥ ቆምሁ። አምቡላንሱ መጣ፤ ባትሪዬን አይቶ ታጠፈ፤ ሴትዮዋም ተሳፈረች። እኔም ልብሴን ለውጬ ልተኛ ስል ስልኬ ጮኸ። ያችው ልጅ ነበረች።

«ጋሼ፣ እኔ ጋ ተልኳል ነው የሚለው» አለችኝ፤ «ደረሱላችሁ ወይ?»