ሕፃናት «አሜን» ሲሉ



በቅዳሴ መጽሐፋችን «ይበል ካህን»፣ «ይበል ዲያቆን» እንደሚል ሁሉ «ይበል ሕዝብ» የሚልም አለ። ይህም ማለት ሕዝቡ በቅዳሴ የራሱ ድርሻ አለው ማለት ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ድንጋጌ፣ ምእመናን እንደ ዝምተኛ ተመልካች እንዳይቆሙ፣ የሚደረገውን እየተረዱ እንዲሳተፉ አሳስቧል። ሕፃናትም ከዚህ ሕዝብ መካከል ናቸው። ስለዚህ ተሰጥዎውን በቃል ማስጠናት ብቻውን አይበቃም። ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክት (14፥16) የሚባለውን የማያውቅ ሰው ለምስጋናው እንዴት አሜን ሊል እንደሚችል ይጠይቃል።

እንግዲህ ልጁ ከሚያውቀው ነገር እንጀምር። ጎረቤት «እንደምን አደርክ?» ስትለው «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለትን ከእናቱ ተምሯል። ካህኑም «እግዚአብሔር ምስለ ኵልክሙ» ሲል እግዚአብሔር ከሁላችን ጋር እንዲሆን እየተመኘ ሰላምታ ይሰጠናል። እኛም «ምስለ መንፈስከ»፣ «ከመንፈስህ ጋር» ስንል በረከቱን እንመልስለታለን። ይህን የተረዳ ሕፃን፣ ካህኑ ለእርሱ እንደሚጸልይ ሁሉ እርሱም ለካህኑ እንደሚጸልይ ያውቃል። ይህ ለትንሽ ልጅ ትልቅ ክብር ነው።

ቀጥሎ ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ብሎ ልባችንን ከፍ እንድናደርግ ያዘናል። መልሳችን ልባችን በእግዚአብሔር ዘንድ እንዳለ መመስከር ነው። አንድ ልጅ ግን «የእኔ ልብ ኳስ ሜዳ ነበር፤ ታዲያ ዋሸሁ?» ብሎ ቢጠይቀን ምን እንላለን? ልንቆጣው አይገባም፤ ቃሉን በእውነት የሰማው እርሱ ነውና። ጥሪው የሚመጣው ልባችን የሚባክን ስለሆነ ነው። መልሱን በሚሰጥበት ቅጽበት ልቡን ወደ እግዚአብሔር ይመልስ፤ ያን ጊዜ የተናገረው እውነት ይሆናል።

«አሜን» ደግሞ ከዕብራይስጥ የመጣ ቃል ሲሆን ጽኑና እውነት የሆነውን ያመለክታል። ሕፃኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊቆርብ ቀርቦ ካህኑ የክርስቶስ ሥጋ መሆኑን ሲነግረው፣ በእርሱ ፈንታ አሜን የሚልለት ሰው የለም። እንደ ፊርማ ነው፤ ሰውም ያላነበበውን ወረቀት ሊፈርም አይገባውም። ቅዱስ አውግስጢኖስ አዲስ ለተጠመቁት ሲሰብክ፣ አሜናቸው እውነት እንዲሆን የክርስቶስ አካል ብልቶች ሆነው እንዲኖሩ አስተምሯል።

ወገኖቼ፣ በየእሑዱ አንድ ቃል ብቻ እናስረዳ፤ ልጆቹም በራሳቸው አነጋገር መልሰው ይንገሩን። ከሁሉ በላይ ግን ትርጉሙን ከእኛ ኑሮ ላይ እንደሚያነቡት አንርሳ። ውስጥ አሜን ብሎ፣ ደጅ ሲወጣ የተጣላውን ወንድሙን ሰላም ሳይል የሚያልፍ አስተማሪ ቃሉን በሌላ ትርጉም ያስተምራል። አሜናችን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያልፍ እንዲሆን አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።